ፎስካን የጠላው አዳራሽ

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይላሉ አበው። በቃል ሲነገር ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን የምንቀበለው አባባል ነው። ነገር ግን አንዲት መልከ ጥፉና በሽተኛ ሴት መድረክ ላይ ወጥታ አንድ መልከ መልካም ወጣትን እግር በእግር ስትከተለው ብናይ ማንኛችን ከእርሷ ጎን እንቆማለን? እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ ብሮድዌይ የታየ «ፓሽን» የተሰኘ ሙዚቃዊ ተውኔት ይህንን ጥያቄ ለተመልካቹ አቅርቦ ነበር። መልሱም አዘጋጆቹን ያስደነገጠ ሆነ።

የታሪኩ ምንጭ ጣሊያናዊው ደራሲ ኢጂኒዮ ኡጎ ታርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1869 ሳይጨርሰው የሞተው «ፎስካ» የተሰኘ ልቦለድ ነው። ልቦለዱን ኤቶሬ ስኮላ በ1981 ፊልም አደረገው፤ ፊልሙን ያየው የዜማና የግጥም ደራሲው ስቲቨን ሶንድሃይም ደግሞ ከጸሐፌ ተውኔቱና ከአዘጋጁ ጄምስ ላፓይን ጋር ለመድረክ አበቃው።

ዘመኑ 1863 ነው። ጆርጂዮ የተባለው ወጣት መኮንን ሚላኖ ውስጥ ክላራ ከምትባል ባለትዳር ቆንጆ ጋር ፍቅር ይዞታል። ከዚያ ወደ አንድ ገጠር የጦር ሠፈር ይዛወራል። በዚያም የአዛዡ ዘመድ የሆነችው በሽተኛዋ ፎስካ ትወደዋለች። ወደደችው ብቻ ሳይሆን ታሳድደዋለች፤ ትለምነዋለች፤ በዝናብ ተራራ ላይ ትከተለዋለች። ባቡር ውስጥ እንኳ አጠገቡ ትገኛለች። በመጨረሻ ግን ጆርጂዮ ያለ ምንም ሒሳብና ቅድመ ሁኔታ የወደደችው እርሷ ብቻ መሆኗን ተረድቶ ልቡ ወደ እርሷ ይዞራል።

ተመልካቹ ለመቀበል የተቸገረው ይህንኑ የልብ መዞር ነው። ከምርቃቱ በፊት በነበሩት የሙከራ ትርኢቶች ላይ ሰዎች በማይሳቅበት ቦታ ሳቁ። ፎስካ በተጎዳች ቁጥርም አንዳንዱ ደስታውን ለመደበቅ አልሞከረም። አንድ ምሽት ከሰገነቱ ላይ ሞቷን የሚመኝ ድምፅ ጮክ ብሎ እንደተሰማ ይወሳል። ደራሲዎቹም በእነዚያ ሳምንታት ጽሑፉን ደጋግመው አሻሻሉ።

በእርግጥ የተውኔቱ አሠራርም ለለመደው ዓይን እንግዳ ነበር። የጭፈራ ቡድን የለውም፤ እረፍት የለውም። ዘፈኖቹ አንዱ ከሌላው እየተያያዙ ስለሚሄዱ ተመልካቹ ማጨብጨቢያ ቦታ ያጣል። አብዛኛው ነገር በደብዳቤ መልክ የሚዜም የሹክሹክታ ያህል ነው። ጭብጨባ ደግሞ ለተመልካች መተንፈሻው ናት፤ መተንፈሻ ሲያጣ ሳቅ ያመልጠዋል።

ይሁንና ነገሩ በአሠራር ብቻ አያልቅም። «ፓሽን» ከመመረቁ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ እዚያው ብሮድዌይ ላይ «ቆንጆዋና አውሬው» የተሰኘው የዲዝኒ ሥራ ተከፍቶ ነበር። እርሱም መልከ ጥፉ ፍጡር ስለሚወደድበት ፍቅር ይናገራል። ልዩነቱ፣ አውሬው በመጨረሻ መልከ መልካም ልዑል ይሆናል፤ ተመልካቹ ለትዕግሥቱ ካሣ ይከፈለዋል። ፎስካ ግን እንደተፈጠረች ትሞታለች። የዲዝኒው ሥራ እስከ 2007 ድረስ 5,461 ጊዜ ታየ። «ፓሽን» በሰኔ 1994 የዓመቱ ምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት ተብሎ የቶኒ ሽልማት ቢወስድም፣ ፎስካን የተጫወተችው ዶና መርፊም ብትሸለም፣ ከ280 ትርኢት በኋላ በጥር 1995 ተዘጋ። ይህን ሽልማት ካገኙት ሁሉ ዕድሜው አጭሩ እርሱ ነው።

ሶንድሃይም ከዓመታት በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ስለዚህ ጥላቻ የራሱን ግምት ሰጥቷል። ሰዎቹ ታሪኩን የተቃወሙት ከእነርሱ ስለራቀ ሳይሆን ምናልባት በጣም ስለቀረባቸው ነው ይላል። ይህ ግምት ለእኔ ሚዛን ይደፋል። የማይወደንን ሰው ደጅ ያልጠናን፣ ወይም የሚወደንን ሰው ፍቅር እንደ ሸክም ያልቆጠርን ስንቶቻችን ነን? ፎስካ ያንን የደበቅነውን ገመና አደባባይ ታወጣዋለች። ያን ጊዜ በሳቅ መሸሽ ይቀልላል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2010 ለንደን ውስጥ፣ 250 ያህል ሰው ብቻ በሚይዘው ዶንማር ዌርሃውስ፣ አርጀንቲናዊቷ ኤሌና ሮጀር ፎስካን ሆና ቀረበች። ሥራው ተወደሰ፤ ጆርጂዮን የተጫወተው ዴቪድ ታክስተንም የኦሊቪየር ሽልማት አገኘ። ከሺህ በላይ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ሰው በሰው ተከልሎ ይስቃል፤ ከተዋናይቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ የተቀመጠ ግን ዓይኗን እያየ መሳቅ ይከብደዋል። ቴአትሩ ያው ነበር፤ ተመልካቹም ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው።

መልክ ታጥቦ እንደማይጠጣ ሁላችንም እናውቃለን። ይህንን እውቀታችንን ግን ከፎስካ ፊት ለፊት እስክንቀመጥ ድረስ ፈትነነው አናውቅም።