ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ቦሌም ሆነ ቦምቤ አንዲት እናት በኦፕራሲዮን ስትገላገል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ከቀናት በኋላ ስፌቷ ከመረቀዘ ደግሞ «ጠንከር ያለ መርፌ ይታዘዝላት» እንላለን። የሕክምና ታሪክ ግን ዋናው ትግል ከመቀደዷ በፊት እንደሆነ ይነግረናል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ 1860ዎቹ አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞች ደም የደረቀበት ካፖርት ለብሰው ይቀዱ ነበር፤ መግልን የመዳን ምልክት የሚሉም ነበሩ። በ1865 ግላስጎው ላይ ጆሴፍ ሊስተር ጋሪ እግሩን የሰበረው የ11 ዓመት ልጅ መጣለት። ሊስተር የፓስተርን ጽሑፍ አንብቦ ጠላቱ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ መሆኑን አምኖ ነበርና ቁስሉን ካርቦሊክ አሲድ በነካ ጨርቅ ሸፈነው። ልጁ እግሩ ሳይቆረጥ ዳነ።

ቀጥሎ አንቲባዮቲክ መጣ። በ1961 አሜሪካዊው ጆን በርክ በእንስሳት ላይ ሞክሮ አንድ ነገር አሳየ፦ መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ከገባ ተሕዋሱን ይረታል፤ ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየ ግን አይከላከልም። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይህንኑ ነው! የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 መመሪያው የመከላከያው መርፌ ከመቀደድ በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ ይሰጥ፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አይራዘም ብሏል።

የፈረንጅ ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ2016 እስከ 2018 በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች «ክሊን ከት» የተባለ የላይፍቦክስ ፕሮግራም ተሞከረ። እጅንና ቆዳን በወጉ ማጽዳት፣ መሣሪያው መቀቀሉን ማረጋገጥ፣ ያልተቀደደ ጋውን መልበስ፣ መርፌውን በሰዓቱ መስጠት፣ ፋሻ መቁጠር፣ ቼክሊስት መሙላት፤ በቃ! ኢንፌክሽኑ በሲሶ ያህል ቀነሰ። ዝርዝሩ ውስጥ ተአምረኛ መድኃኒት አለ? የለም።

እንግዲህ ወላይታ፣ ቦምቤን አስቡ። በእንዲህ ያለች ከተማ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ በኦፕራሲዮን ያዋልዳል፤ የከፋው ወደ ሶዶ ይላካል። የመረቀዘ ስፌት ለዚያች እናት የመኪና ኪራይ፣ የአስታማሚ ስንቅና ቤት የቀሩ ልጆች ማለት ነው። ሳሙናና ሰዓቱን የጠበቀ መርፌ ይህን ሁሉ ያስቀራሉ።

ከመረቀዘስ? ስፌቱ ተከፍቶ መግሉ መውጣትና መታጠብ አለበት፤ ኪኒን ብቻውን መግል አያወጣም። ትኩሳት፣ መቅላት፣ እብጠት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዘመዳችሁ ኦፕራሲዮን ሊገባ ሲል ደግሞ «መርፌው ተሰጠው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ውሻው ይጩህ፤ ግን ጅቡ ሳይመጣ!