የተገለበጠ የዓይን ቆብ ፎቶግራፍ፦ በምሥራቅ ጎጃም የትራኮማ ምርመራ የምስል ሚና

አጭር መግለጫ

ይህ መጣጥፍ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደውን የትራኮማ ጥናት መነሻ ያደርጋል። የዓይን ቆብ ፎቶግራፍ በሽታው መቀነስ በጀመረበት ወቅት ይበልጥ አስፈላጊ እንደሚሆን ያስረዳል።

መግቢያ

የዓይን ምስል ሲባል በቅድሚያ የሚታሰቡት የሬቲናን ንብርብር የሚያሳየው ኦሲቲና የዓይን ጀርባ ካሜራ ናቸው። ለግላኮማና ለስኳር ሕመም ታማሚዎች ሁለቱም ትልቅ ጥቅም አላቸው። ትራኮማ ግን የሚነበበው በላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005–06 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶዎቹ ንቁ ትራኮማ ታይቶባቸዋል። ተደጋጋሚ ልክፍት በቆቡ ላይ ጠባሳ ይፈጥራል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይኑን ብሌን ይፍቃል። በወረንጦ ሽፋሽፍታቸውን እየነቀሉ የኖሩ እናቶች ሕመሙን ያውቁታል።

ምልክቱና ምስሉ

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ቀላል መለኪያ በቆቡ መሀል ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 5 ወይም ከዚያ በላይ ፎሊክሎች (ትናንሽ እብጠቶች) ሲገኙ ንቁ ትራኮማ አለ ይላል። መርማሪው 2.5 ጊዜ በሚያጎላ መነጽር ያያል፤ ቆቡን ሲለቀው ግን ማስረጃው ይሰወራል። ፎቶግራፍ ይህን ማስረጃ ያቆያል። ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ አንዱ ባለሙያ ቆቡን ይገለብጣል፣ ሌላው በማክሮ ሌንስ ያነሳል። ቆቡ በሙሉ ካልተገለበጠ፣ ትኩረቱ ከሳተ ወይም እርጥቡ ገጽ የፍላሹን ብርሃን ካንጸባረቀ ፎሊክሉ አይቆጠርም።

የጎንቻ ሲሶ እነሴ ልምድ

ታና በሚል ስያሜ የሚታወቀው፣ ካርተር ማዕከልና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮክተር ፋውንዴሽን የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 በ72 ንዑስ ቀበሌዎች ተጀመረ። አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በየዓመቱ በታደለባቸው ንዑስ ቀበሌዎች በሕፃናት ላይ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ልክፍት በ42 ወራት ከ41.9 ወደ 1.9 በመቶ ወረደ። ከዓይን ቆብ ናሙናው ጎን ለጎን ፎቶግራፎችም ተሰብስበዋል። እንዲህ ባለ ጥናት መርማሪው መድኃኒት የታደለበትን መንደር ካወቀ ዓይኑ ሊያዳላ ይችላል። በኮድ ብቻ የሚታወቅ ምስል ግን ከየት እንደመጣ ለአንባቢው አይነግረውም።

ገደብና ዕድል

ፎሊክል ልክፍቱ ከጠፋ በኋላም ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ምስል ብቻውን የትራኮማው ባክቴሪያ መኖሩን አያረጋግጥም፤ የላቦራቶሪ ናሙናን አይተካም። ሌላው ጉዳይ ውሳኔው ነው። ንቁ ትራኮማ ከ5 በመቶ በታች መሆኑ መድኃኒት ማደልን ለማቆም መለኪያ ነው። በዚህ ወለል አጠገብ ባለ ወረዳ የጥቂት ሕፃናት የምርመራ ውጤት መሳሳት ውሳኔውን ይገለብጣል። በሽታው ሲመናመን ደግሞ አዲስ መርማሪ የሚሠለጥንበት በሽተኛ ይጠፋል። ትናንት የተነሳው ምስል ለነገው መርማሪ መማሪያ የሚሆነው ያኔ ነው።

ማጠቃለያ

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ በሚደረግ ቅኝት ከተመረመሩት ሕፃናት ከፊሎቹ በወላጅ ፈቃድ ፎቶ ቢነሱ፣ ሁለት ባለሙያዎች ምስሉን ለየብቻ ቢያነቡትና ሲለያዩ ሦስተኛ ቢዳኝ መልካም ነው። ያን ጊዜ አንድ ወረዳ መድኃኒት ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለው ጥያቄ ዳግም ሊታይ በሚችል ማስረጃ ይመለሳል።