የጄጁ ደሴት ገበታና የኪም ማንዶክ ማደሪያ ቤት

ኮርያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የዘመቱበትን የተራራ ግንባር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከዚያ ግንባር ወደ ደቡብ እጅግ ርቃ በባሕር መካከል ስለምትገኘው ስለ ጄጁ ደሴት ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ዛሬ ወደዚያች ደሴት የሚሻገር እንግዳ ከመርከብ ወይም ከአውሮፕላን እንደ ወረደ የሚጠይቀው፥ ምን እንደሚበላና የት እንደሚጠጣ ነው፤ ምግብ ቤቱ በየመንገዱ ስለሆነም መልሱ አያስቸግረውም። ከ230 ዓመት በፊት ግን ይኸው ጥያቄ በጄጁ ሰው ዘንድ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነበር። የዛሬውን ገበታ ለማወቅ ከዚያው መጀመር ይሻላል።

ጄጁ እሳተ ገሞራ የወለዳት ደሴት ናት። በመካከልዋ 1,950 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሀላ ተራራ ቆሟል። ድንጋይዋ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ የዘነበው ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ በማሳ ላይ አይተኛም፤ ስለዚህ የኮርያ ሰው ያለ እርሱ በላሁ የማይለው ሩዝ እዚያ እምብዛም አይበቅልም። ሕዝቡ ይኖር የነበረው በገብስ፥ ዳጉሳን በሚመስል ጥቃቅን ፍሬ ባለው እህልና ከባሕር በሚያወጣው ነገር ነው። ትንፋሽ ይዘው ወደ ባሕር የሚጠልቁ ሰዎች የሚለቅሙት አባሎን የተባለው ባለ ዛጎል እንስሳ፥ ምርጥ ምርጡ ለንጉሥ ግብር ይላክ ነበር። ግብሩ ስለ ከበደ ሰዉ ወደ ዋናው ምድር እየሸሸ ቢያስቸግር፥ መንግሥት በ1629 ዓ.ም. ከደሴቲቱ መውጣትን ከለከለ፤ ክልከላውም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ጸና። በተለይ ለሴት ባሕሩ እንደ ግንብ ነበር።

ኪም ማንዶክ የተወለደችው በዚህ ክልከላ ዘመን፥ በ1739 ዓ.ም. ነው። በልጅነትዋ እናትና አባትዋ ስለ ሞቱባት፥ ጊሰንግ በተባሉት፥ በመንግሥት መዝገብ ተጽፈው በሹማምንት ግብዣ ላይ በሚዘፍኑትና በሚጨፍሩት ሴቶች ዘንድ አደገች፤ ስምዋም ከነሱው ጋር ተጻፈ። ሃያ ዓመት ካለፋት በኋላ ከሹሞቹ ፊት ቀርባ እያለቀሰች ብታመለክት አዘኑላትና ስምዋን ከመዝገቡ ፋቁላት። ከዚህ በኋላ ጌክጁ ከፈተች። ጌክጁ የእንግዳ ማደሪያ ብቻ አይደለም። ከባሕር የመጣው ነጋዴ ይበላበታል፥ ይጠጣበታል፥ ያድርበታል፤ ዕቃውንም በመጋዘኑ ያስቀምጣል፤ ባለቤትዋም ሻጭንና ገዥን ታገናኛለች። ማንዶክ የገበያን መውጣትና መውረድ ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ስለ ነበረች፥ ሲረክስ እየገዛች ሲወደድ እየሸጠች ዓመታት ሲያልፉ ስምዋ የተጠራ ባለጸጋ ሆነች።

በ1794 ዓ.ም. ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ሰብሉን አጠፋውና በማግሥቱ ዓመት ረኀብ ገባ። ንጉሥ ጆንግጆ እህል በመርከብ እንዲላክ ቢያዝዙም፥ ባሕሩ ሰፊ በመሆኑ በጊዜው የማይደርስበት ቀን ነበር። ማንዶክ በዚህ ጊዜ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ከዋናው ምድር እህል አስመጣች። ታሪክዋን የጻፈው የዘመኑ ታላቅ ሚኒስትር ቼ ጄጎንግ እንደሚነግረን፥ ካስመጣችው ከዐሥር አንዱን እጅ ለዘመዶችዋ አስቀርታ ዘጠኙን እጅ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት አስረከበች። የተራበውም ሕዝብ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ተሰብስቦ፥ የችግሩ ብርታት እየታየ ታደለው። በመሥሪያ ቤት ለምንውል ሰዎች ይህ ነገር ሳያሳስበን አይቀርም። በገዛ ደጅዋ ብታድለው ስምዋ ይበልጥ በገነነ ነበር፤ እርሷ ግን ማንም ሳይቀር የሚደርስበትን መንገድ መረጠች።

ነገሩ ለንጉሡ ሲደርስ ምን እንዲደረግላት እንደምትሻ ጠየቋት። ገንዘብም ማዕርግም አልለመነችም። የምፈልገው ዋና ከተማውን ሀንያንግንና ንጉሡ የሚኖሩበትን ስፍራ ማየት፥ ከዚያም የጉምጋንግን ተራራ መጐብኘት ነው አለች። ልመናው ቀላል ይምሰል እንጂ ለጄጁ ሴት ከወርቅ የከበደ ነበር። ንጉሡም ፈቀዱ፤ በ1796 ዓ.ም. መጸው በመንግሥት ፈረስ ተጓጕዛ ሀንያንግ ገባች። ተራ ሴት ወደ ቤተ መንግሥት መግባት ስለማይገባት፥ የቤተ መንግሥቱ ሴት ሐኪሞች አለቃ የሚል ሹመት ተሰጣትና በዚሁ ሹመት ገባች። ሥርዐቱ ሳይፈርስ ሰዪቱ ከበረች። በተከታዩ ዓመት ጸደይ ተራራውን አይታ ወደ ደሴቷ ተመለሰች፤ በ1812 ዓ.ም. ዐረፈች። ክልከላው ግን ለእርሷ ብቻ ነው የተላላው፤ ሌሎቹ የጄጁ ሴቶች ገና ሩብ ምእት ዓመት ያህል መጠበቅ ነበረባቸው።

አሁን ወደ ገበታው እንመለስ። የጄጁ መጠጥ የሩዝ ማጣት ልጅ ነው። ሩዝ ስለሌለ ያንኑ ጥቃቅን እህል ፈጭተው፥ አቡክተውና አድበልብለው ይቀቅሉታል፤ ከዚያ ኑሩክ በተባለ የስንዴ እርሾ ይጠነስሱታል፤ ይህ ኦመጊሱል ይባላል። ይኸው ጥንስስ ጎሶሪ በሚባል የሸክላ ማውጫ ሲወጣ፥ እንደ እኛ አረቄ ብርቱ የሆነው ጎሶሪሱል ይገኛል። አረቄ ማውጣትን ለኮርያ ያስተማሩት በ13ኛው ምእት ዓመት የገቡት ሞንጎሎች ናቸው፤ ጄጁንም ከ1273 ዓ.ም. ጀምሮ መቶ ዓመት ያህል ይዘው ፈረስ ያረቡባት ነበር። በጃፓን አገዛዝ ዘመን የመጠጥ ግብር ሕግ የቤት ጠመቃን ከለከለ፤ ቢሆንም ሙያው በእናቶች እጅ ተሰውሮ ቈየ። ዛሬ ሱንጉብ በተባለው አሮጌ መንደር ሁለቱም ይጠመቃሉ።

ከምግቡ ሞምጉክ ከሁሉ ይበልጥ የአገሬውን ልብ ያሳያል። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ዐሳማ ሲታረድ፥ ሥጋው ለሁሉ ስለማይዳረስ አጥንቱን በትልቅ ድስት ቀቅለው፥ በመረቁ ውስጥ የባሕር አረም ጨምረው ለመንደሩ ሁሉ ያድሉ ነበር። በዚያው መረቅ የስንዴ ኑድል ሲገባበት ጎጊጉክሱ ይሆናል፤ ለዚህ ምግብ ብቻ የተሰለፉ ቤቶች በጄጁ ከተማ ውስጥ መንገድ ሙሉ አሉ። ጥንት ለንጉሥ ይሄድ የነበረው አባሎን ዛሬ በምሥራቁ ጠረፍ በሶንግሳን በገንፎ መልክ ለመንገደኛ ይቀርባል፤ ሄንዮ የሚባሉት ጠላቂ ሴቶች፥ ባህላቸው በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የገባላቸው፥ ያወጡትን ራሳቸው የሚሸጡበት ቤትም አላቸው። ርካሹንና ልዩ ልዩውን የሚሻ ሰው ከ1945 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ወደ ተቋቋመው ወደ ዶንግሙን ገበያ ይሂድ።

የማንዶክ ማደሪያ ቤትም እንደገና ቆሟል። በጄጁ ከተማ ጎኒፕ በሚባለው ሰፈር፥ በአሮጌው ወደብ አጠገብ፥ በ2015 ዓ.ም. ሣር ክዳን ቤቶቹ በጥንቱ መልክ ተሠርተው የደሴቲቱ ምግብና መጠጥ ይሸጥባቸዋል። ከዚያ በእግር ጥቂት ቢሄዱ የመንገደኞች መርከብ የሚነሣበት ወደብ ይገኛል፤ ሴቱም ወንዱም ትኬቱን ይዞ ወደ ዋናው ምድር ይሳፈርበታል።