ካሴት (ቲዲኬ ኤስኤ 60)

ፕላስቲክ፣ የፖሊስተር ክር፣ በኮባልት የተለበጠ የብረት ኦክሳይድ። ጃፓን፣ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.)

ክሩ 3.81 ሚሊሜትር ይሰፋል። ጠቆር ያለውን ቡናማ ቀለም የሰጠው የተቀባበት የፈራይት (ማግኔታዊ የብረት ኦክሳይድ) ዱቄት ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ርዝመቱ እንኳ ከአንድ ሺህኛ ሚሊሜትር ያንሳል። በመጀመሪያ ከብረት ጨው ሙሙት ቢጫ መርፌዎች እንዲያድጉ ይደረጋል። በሙቀት ውሃቸው ይወጣል፣ በሃይድሮጂን ወደ ማግኔታይት ይቀየራሉ፣ ከዚያም በጥንቃቄ ኦክስጅን ይሰጣቸዋል። በዚህ ሁሉ መሐል ቅርጹ መፍረስ የለበትም፤ ክሩ የተቀዳበትን ድምፅ ይዞ የመቆየት ብቃቱ በአብዛኛው ከዚያ ሹል ቅርጽ ይመነጫል።

ቲዲኬ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ባቀረበው በዚህ ዓይነት ካሴት፣ በቅንጣቶቹ ላይ ስስ የኮባልት ልባጥ ጨመረ። ማግኔታቸው በቀላሉ አይገለበጥም፤ ቀጫጭን ድምፆችም ጠርተው ይሰማሉ። ኩባንያው ራሱ በ1935 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው በቶኪዮ የተፈለሰፈውን ፈራይት ለገበያ ለማብቃት ነበር።

በኢትዮጵያ ካሴት ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ ጀምሮ የሸክላን ቦታ ወሰደ። በሐዋሳ ሻይ ቤቶችና ወደ አዲስ አበባ በሚመላለሱ አውቶቡሶች ዘፈን የሚሰማው በካሴት ነበር፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድም ሰላምታውን በድምፅ ቀድቶ ይልክበት ነበር። የላላ ክር በእስክሪብቶ ይጠነጠናል፤ የቴፑ ጭንቅላት ላይ የሚቀረው ቡናማ ብናኝ፣ ማለትም ራሱ ፈራይቱ፣ አልኮል በነካው ጥጥ ይጠረጋል። በካሴቱ ጠርዝ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጥርሶች ሲሰበሩ ሌላ ድምፅ አይቀዳበትም፤ ቀዳዳው በፕላስተር ከተሸፈነ ግን እንደገና ይቀዳል።