ኢፉጋዎ

ኢፉጋዎ በፊሊፒንስ፣ በሉዞን ደሴት ሰሜናዊ ተራሮች ላይ የሚገኝ ክፍለ ሀገር ነው፤ ዋና ከተማው ላጋዌ ይባላል። ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው።

ስሙን ያስጠራው የእርከን እርሻው ነው። ገበሬው ገደሉን በድንጋይና በጭቃ ካብ እየደገፈ ሩዝ ያበቅልበታል። ከእርከኑ በላይ ያለው የቤተሰብ ደን፣ ሙዮንግ፣ ውሃ ይዞ በቦይ ቁልቁል ያወርዳል፤ ደኑ ከተመነጠረ እርከኑም ይደርቃል። የእርከኖቹ ዕድሜ ያከራክራል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ኦትሊ ቤየር 2,000 ዓመትና ከዚያ በላይ ብሎ ገምቶ ነበር፤ የአርኪዮሎጂስቱ የስቲቨን አካባዶ ቁፋሮ ግን የውሃ ሩዝ የተስፋፋው ስፔኖች ከመጡ ወዲህ፣ ሕዝቡ ወደ ተራራው ሲሸሽ መሆኑን ያመለክታል። ይህኛው ይበልጥ ያሳምናል፤ የቱሪስት ጽሑፎች ግን የቀድሞውን ቁጥር እስካሁን አልለቀቁም። ዩኔስኮ እርከኖቹን በ1995 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል።

የጥንቱ ቤት በአራት ምሰሶ ላይ ይቆማል፤ አይጥ ወደ እህሉ እንዳይወጣ በየምሰሶው ክብ እንጨት ይገባበታል። በአጨዳና በለቅሶ ጊዜ ሁድሁድ የተባለው ረጅም ትረካ ይዜማል፤ መሪዋም አብዛኛውን ጊዜ አሮጊት ናት።

ስፔኖች አካባቢውን ሙሉ በሙሉ ሊገዙት አልቻሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያም ጃፓናዊው ጄኔራል ያማሺታ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 እጁን የሰጠው እዚሁ፣ ኪያንጋን ላይ ነው።