ጥልፍልፍ ጭቆና፦ የአንድ ስያሜ ማብራሪያ

ጥልፍልፍ ጭቆና «ኢንተርሴክሽናሊቲ» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ እዚህ የቀረበ የአማርኛ ስያሜ ነው። አንድ ሰው በመደቡ፣ በጾታው፣ በቆዳው ቀለም ወይም በዜግነቱ የሚደርስበት በደል እርስ በርሱ ተያይዞ፣ አንዱ ብቻውን የማያስከትለውን ጉዳት ሲያስከትል ያንን ይገልጻል። (ዓመታቱ፣ መጨረሻ ላይ ከሚጠቀሰው የአዋጅ ቁጥር በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉን በ1989 ያወጡት አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ ናቸው። ከመረመሯቸው የፍርድ ቤት መዝገቦች አንዱ የጄኔራል ሞተርስ ጉዳይ ነው። ኩባንያው ሴንት ሉዊስ በሚገኘው የመኪና መገጣጠሚያው ከ1964 በፊት ጥቁር ሴት አልቀጠረም። ከ1970 ወዲህ የተቀጠሩት ደግሞ ብዙም ሳይቆዩ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ «መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» በሚለው የአገልግሎት ዘመን ደንብ ሁሉም ተቀነሱ። ደንቡ ወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነበር። ነገር ግን ቀድሞ በሩ የተዘጋበት ሰው የአገልግሎት ዘመን ከየት ያመጣል?

አምስት ጥቁር ሴቶች ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1976 የሰጠው መልስ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኩባንያው ሴቶችን ሲቀጥር ስለኖረ የጾታ መድልዎ የለም፤ የዘር አቤቱታቸው ከሌሎች ጥቁር ሠራተኞች ክስ ጋር ይታይ፤ ሁለቱን አጣምሮ ማቅረብ ግን አይቻልም። ሲቀጠሩ የኖሩት ሴቶች ነጮች መሆናቸው ከቁጥር አልገባም። ክሬንሾ የከሳሾቹን ሁኔታ መስቀለኛ መንገድ መሐል ላይ ከቆመ ሰው ጋር አመሳሰሉት፤ መኪናው ከየትኛውም አቅጣጫ፣ አንዳንዴም ከሁሉም አቅጣጫ ሊመጣ ይችላል።

ሐሳቡ ከቃሉ ይቀድማል። ትሪኒዳድ ተወልደው አሜሪካ ያደጉት ኮሚኒስቷ ክላውዲያ ጆንስ፣ ጥቁር ሠራተኛ ሴት በዘሯም፣ በጾታዋም፣ በመደቧም እንደምትጨቆን በ1949 ጽፈዋል። በእኛም ዘንድ በአብዮቱ ዘመን «የሴቶች ድርብ ጭቆና» የተለመደ አነጋገር ነበር። ታዲያ «ድርብ» ለምን አይበቃም ቢባል፣ ድርብ ነገሩን ድምር ያስመስለዋል። በሴንት ሉዊሱ ችሎት የሴትነት በደልና የጥቁርነት በደል ለየብቻ ተመዝነው ሲደመሩ ውጤቱ ዜሮ ሆኗል።

ከሠራተኛው ንቅናቄ የሚነሳው ተቃውሞ «ይህ ሠራተኛውን ይከፋፍላል» የሚል ነው። የለንደኑ ግራንዊክ አድማ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። በ1976 በጃያቤን ዴሳይ ግንባር ቀደምትነት የግራንዊክን ፎቶ ማጠቢያ ሥራ ረግጠው ከወጡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ እስያውያን ሴቶች ነበሩ። ደመወዛቸው ዝቅተኛ፣ ትርፍ ሰዓቱ የግዴታ ነበር፤ ሽንት ቤት ለመሄድም ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። የድርጅቱ ገበያ በፖስታ የሚመጣ ነበርና፣ በአቅራቢያው የክሪክልውድ ፖስታ ቤት ሠራተኞች ደብዳቤውን አናነሳም አሉ። የማዕድን ቆፋሪዎች ከዮርክሻየር መጡ። የለንደን ወደብ ሠራተኞችም መጡ፤ በ1968 ግን ከወደቡ ሠራተኞች ብዙዎቹ ስደተኛን ተቃውመው አደባባይ ወጥተው ነበር። አድማው በ1978 ሳይሳካ አበቃ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ መሪዎች ወደ ኋላ ማለታቸው ለሽንፈቱ አንዱ ምክንያት ነው። በአድማው በር ላይ የታየው አንድነት ግን የስደተኛ ሴቶቹን አቤቱታ የሁሉም አድርጎ የተገኘ እንጂ «ሁላችንም ሠራተኛ ነን» ብሎ በማድበስበስ የመጣ አልነበረም።

ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ሊባኖስ ያለች ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃዷ በከፋላ ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ የአገሪቱ የ1946 የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። ሠራተኛ እንዳትባል ሥራዋ የቤት ነው፤ አሠሪ እንዳትቀይር የውጭ ዜጋ ናት። በ2015 የልዩ ልዩ አገር የቤት ሠራተኞች ቤይሩት ውስጥ ማኅበር ሲመሠርቱ የሥራ ሚኒስቴሩ እውቅና ነፍጓቸዋል።

ጣታችንን ቤይሩት ላይ ከመቀሰራችን በፊት ግን የራሳችንን ሕግ እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የቤት ሠራተኛን «የግል አገልግሎት ቅጥር» ብሎ ከሽፋኑ ውጭ በማድረግ ጉዳዩን ወደፊት ለሚወጣ ደንብ ይተወዋል። ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምታድር ልጅ በድህነቷ፣ በሴትነቷና ዘመድ በሌለበት ከተማ በመኖሯ በአንድ ጊዜ ትጠቃለች። የሠራተኛ ማኅበሮቻችን ስለ ሠራተኛው አንድነት ሲናገሩ እሷን ከአባላቱ ካልቆጠሩ ቃላቸው ጎዶሎ ነው። የሚጠየቀው ደንብ ከእሷ ይጀምር።