ጨንቻን በስንት ፊደል እንፈልጋት?

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ስሟ በየአሮጌው ፋይል አለ፤ አንዱ «ጨንቻ»፣ ሌላው «ጬንቻ» ብሎ ይጽፋታል። አንባቢ አይቸገርም። ኮምፒውተር ግን ሁለት ከተማ ያደርጋታል፤ የአንዷን ሲያወጣ የሌላዋ ተቀብሮ ይቀራል። ያ የቀረው ወረቀት የአንድ ቤተሰብ የመሬት ማስረጃ ቢሆንስ?

መላው ቀደም ብሎ ተገኝቷል። ስቲቨን ክሌኒ እ.ኤ.አ. በ1951 በሒሳብ የነደፈውን ሐሳብ ኬን ቶምሰን በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ አዋለው። «[ጨጬ]ንቻ» ብላችሁ ብትፈልጉ በቅንፉ ካሉት ፊደላት አንዱ መገኘቱ ይበቃል። መሣሪያው ግን ለላቲን ፊደል የተሠራ ነውና ጨ እና ጬ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን አያውቅም። ዳንኤል ያዕቆብ ለፐርል ባዘጋጀው ሞጁል ግን ፊደልን በግዕዝ፣ በካዕብ፣ በሣልስ እየለዩ መጠየቅ ተችሏል። መዝገብ ቤቶቻችንን ወደ ኮምፒውተር እናስገባለን የምትሉ፣ የፍለጋ ሳጥናችሁ ላይ መጀመሪያ «ጬንቻ» ብላችሁ ሞክሩ።